ስቲቨን ኮል ክሌይኒ

ስቲቨን ኮል ክሌይኒ (ጃንዋሪ 5 ቀን 1909 – ጃንዋሪ 25 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሒሳብና የሥነ አመክንዮ ሊቅ ነበር። ስሙን ብዙ ሰው «ክሊን» ብሎ ቢያነበውም እሱ ራሱ ክሌይኒ ነበር የሚለው። ምን ሊሰላ እንደሚችልና እንደማይችል የሚመረምረውን ጥናት ከመሠረቱት አንዱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ነው። በ1930 ከአምኸርስት ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ1934 በአሎንዞ ቸርች መሪነት የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። ቸርች በዚያን ጊዜ ለሒሳብ መሠረት እንዲሆን ያሰበውን አዲስ የሎጂክ ሥርዓት እየገነባ ነበር። በሥርዓቱ ውስጥ በቁጥር ላይ አንድ መደመር ቀላል ሲሆን አንድ መቀነስ ግን መምህሩንም አስቸግሮት ነበር። መላውን ያገኘው ክሌይኒ ነው፤ እንደሚተረከው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳለ። ሆኖም በ1935 ክሌይኒና ሌላው የቸርች ተማሪ ባርክሊ ሮሰር ሥርዓቱ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ፣ ማለትም እውነቱም ሐሰቱም እኩል እንደሚረጋገጥበት አሳዩ። የመምህሩ ግንባታ በገዛ ተማሪዎቹ እጅ ፈረሰ። ከዚያ የተረፈው ክፍል ላምዳ ካልኩለስ ሲሆን ኋላ ለብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች መነሻ ሆኗል። ክሌይኒም በ1936 በላምዳ የሚገለጹት ፈንክሽኖች ጎዴል ካቀረባቸው ሪከርሲቭ ፈንክሽኖች ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ።

ከ1935 ጀምሮ በማዲሰን የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ አቅጣጫ አመራር መምህር ነበር።

በ1952 የታተመው «የሜታማቴማቲክስ መግቢያ» የትውልድ መማሪያ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የጎዴል፣ የቸርችና የቱሪንግ ውጤቶች በየመጽሔቱ ተበታትነው ነበር፤ ክሌይኒ ከስብስብ ንድፈ ሐሳብ ተነስቶ እስከ ጎዴል ያለመሟላት ቴዎረሞችና እስከ ቱሪንግ ማሽን ድረስ በተከታታይ አስኬዳቸው። «የቸርች ተሲስ» የሚለው ስያሜ የተለመደውም በዚሁ መጽሐፍ ነው። በድኅረ ምረቃ ደረጃ መጽሐፍ የሚመርጥ ተማሪ ግን ምልክቶቹ ያረጁ መሆናቸውንና ሞዴል ቲዮሪ እምብዛም እንደማይገኝበት ማወቅ አለበት፤ ለዚያ የሾንፊልድ የ1967 መጽሐፍ ይሻላል። ስሌትን ከሥሩ ለሚፈልግ ክሌይኒን የሚተካ ብዙ የለም። ለጀማሪዎች ራሱ በ1967 «የሒሳብ ሎጂክ» የተባለ ቀለል ያለ መጽሐፍ ጽፏል።

በኮምፒውተር ጽሑፍ ሲፈለግ የሚያገለግሉት ሬጉላር ኤክስፕሬሽኖችም በ1956 ባሳተመው ጥናት የመጡ ናቸው፤ መደጋገምን የሚያሳየው ምልክት እስከ ዛሬ «የክሌይኒ ኮከብ» ይባላል።

ተራራ መውጣት ይወድ ነበር። በ1990 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በማዲሰን አረፈ።