ድሪቶአችንና የዡዊው ቺት አታሚ

ደጋን ላይ የምንጀምረው አዲሱ ሥራ በፈረንሳይ ስልት የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። ላዩ ከተቆራረጠ አበባማ ቺት ይገጣጠማል፣ መካከሉ ባዘቶ ይሆናል፣ ሥሩ ገበር ይደረግበታል፤ ሦስቱም አብረው ይሰፋሉ። እናቶቻችን ይህን ቢያዩ ድሪቶ ይሉታል። ድሪቶ የድህነት ምልክት ነውና ማን ይገዛዋል የሚል ጥያቄ በስብሰባችን ተነሥቷል። ከበድ ያለውም ጥያቄ ቀርቧል፤ ከውጭ የመጣ ቺት ስንገዛ የሸማኔዎቻችንን ገበያ አንሻማም ወይ? ለዚህ የሚያግዝ የአንድ ሰው ሕይወት እናቅርብ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሪስቶፍ ፊሊፕ ኦበርካምፍ በ1738 በጀርመን አገር ተወለደ። ቤተሰቡ ጨርቅ ቀላሚ ስለነበር ሙያውን ከልጅነቱ ለመደ። በዚያ ዘመን ፈረንሳዮች ከሕንድ የሚመጣውን ቺት እጅግ ወድደውት ነበር። የሐርና የሱፍ ሠሪዎች ገበያችን ተወሰደ ብለው አቤት ስላሉ፣ መንግሥት በ1686 ቺት ማስገባትንም ማተምንም ከለከለ። ክልከላው ከ70 ዓመት በላይ ቢቆይም ሰዉ በድብቅ መልበሱን አልተወም። በ1759 ተነሣ።

ኦበርካምፍ በዓመቱ፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በቬርሳይ አቅራቢያ ባለችው በዡዊ መንደር፣ በቢየቭር ወንዝ ዳር በአነስተኛ ቤት ሥራ ጀመረ። ወንዙ ለሥራው የግድ ያስፈልግ ነበር። ቀለም የሚያስይዘው ንጥረ ነገር በእንጨት ማኅተም ጨርቁ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ጨርቁ ቀለም ውስጥ ይነከራል፣ በወንዙ ይታጠባል፣ ሣር ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይነጣል። ረቂቁን ቀለም በብሩሽ የሚሞሉት ሴቶች ነበሩ።

በ1770 የተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ሥራ ላይ አዋለ። በነጭ ጥጥ ላይ በአንድ ቀለም እረኞች፣ ዛፎችና እንስሳት የሚታዩበት የዡዊ ጨርቅ በዚህ ታወቀ። ብዙዎቹን ንድፎች የሣለው ዣን ባቲስት ዩዌ ነው። ፋብሪካው በ1783 የንጉሣዊ ማዕረግ አገኘ፤ በ1806 ናፖሊዮን መጥቶ ባለቤቱን በኒሻን አከበረው። ከዚያ ግን ጦርነት ሥራውን አዳከመው፤ ኦበርካምፍ በ1815 ዐረፈ፣ ፋብሪካው በ1843 ተዘጋ። ንድፎቹ ግን እስከ ዛሬ ይታተማሉ።

ከዚህ ሕይወት እኛ የምንወስደው ይህን ነው። ክልከላ ያላስቆመውን የውጭ ጨርቅ፣ ሙያውን አገር ውስጥ አስገብቶ መሥራት የእንጀራ ምንጭ አደረገው። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ከውጭ የመጣ ቺት የምንገዛው ለመጀመሪያዎቹ ልብሶች ፊት ብቻ ይሁን። ገበሩን ከአካባቢያችን ሸማኔዎች፣ ባዘቶውን ከፈታይ እናቶቻችን እንግዛ። በእያንዳንዱ ልብስ ላይ የገባው ጨርቅ፣ ክርና የሥራ ሰዓት ይመዝገብ፤ ዋጋው የሰፊዋን ድካም ካልከፈለ ሽያጩ ትርፍ አይባልም። ከሽያጩ የሚተርፈው ደግሞ ለሁለት አባላት የጨርቅ ኅትመት ሥልጠና ይዋል።

ልብስ ሰፊ የሆናችሁ አባላት ቁርጥራጭ አትጣሉ፤ በቀለም እየለያችሁ ይዛችሁ ኑ። ድሪቶ የሚያሳፍረው ከማጣት ሲሰፋ ነው፤ በንድፍና በልክ ሲሰፋ ግን ሙያ ነው።