ቶኒ ሴል፦ ከስምንት ፎቶ የተነሳ ኮምፒውተር

ጂንካ ገበያ አጠገብ ስልኬን የሚሠራልኝ ልጅ የሞተ ስልክ አይጥልም። ከአንዱ ስክሪን፣ ከሌላው ቻርጅ መሰኪያ እየፈታ ሌላ ስልክ ያስነሳል። ቅዳሜ ዕለት ተራዬን ስጠብቅ ቶኒ ሴል ትዝ አለኝ። ስሙን ካልሰማችሁት አይገርምም፣ እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ሴል እ.ኤ.አ. በ1931 ለንደን ተወለደ። በ19 ዓመቱ፣ አየር ኃይል እያለ፣ ከወደቀ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ብረት ሰው የሚያህል የሚራመድ ሮቦት ሠራና ጆርጅ አለው። በኋላ ለስለላ መሥሪያ ቤት ሠራ፣ ድርጅቶች መራ፣ ሳይንስ ሙዚየም ገባ። ይሄን ዘለል ላድርገውና ስድሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ወደመጣው ልሂድ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ግቢ የጠላትን ምሥጢራዊ መልእክት ይፈቱ ነበር። (ነገሩ እኛንም ይነካል፦ በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ከአገራችን ሲባረር እንግሊዞቹ የጦሩን የሬዲዮ መልእክት እየፈቱ ያነቡ ነበር።) የሂትለር ከፍተኛ አዛዦች ግን ሎሬንዝ በሚባል ማሽን ነበር የሚላላኩት። ይሄን ለመፍታት የፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ቶሚ ፍላወርስ ኮሎሰስን ሠራ። ማሽኑ በ1944 ሥራ ሲጀምር በሰከንድ 5,000 ፊደል ያነብ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አሥር ደርሰው ነበር። ከዚያስ? ምሥጢር ነው ተብሎ አብዛኞቹ ተፈታቱ፣ ፍላወርስም የገዛ ንድፉን እንዲያቃጥል ታዘዘና አቃጠለው።

ሴል በ1993 መልሼ እሠራዋለሁ ብሎ ሲነሳ እጁ ላይ የነበረው ስምንት ፎቶ እና አንዳንድ መሐንዲሶች ደብቀው ያስቀሩት የንድፍ ቁርጥራጭ ነው። በቃ። እንደተማርኩት ኢኮኖሚክስ ቢሆን ኖሮ ይሄ ፕሮጀክት ገና በወረቀት ላይ ይወድቅ ነበር፤ ገቢው የት አለ? እሱና ባለቤቱ ግን ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ጀመሩት። ከፎቶዎቹ ላይ እየለካ ንድፉን በኮምፒውተር ሣለ። ዕቃውን ደግሞ ከየት አመጣ መሰላችሁ? ብዙውን ከተነቀሉ አሮጌ የስልክ ማዕከሎች።

ሰኔ 6 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ማሽኑ ሲበራ ፍላወርስ እዚያው ነበር። ዕድሜው 90። በትእዛዝ ያቃጠለው ሥራው ፊቱ ሲሽከረከር አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። እኔ ይሄን ቦታ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

በ2007 ኮሎሰስ ከዘመኑ ኮምፒውተሮች ጋር ለውድድር ቀረበ። አንድ ጀርመናዊ በላፕቶፑ መልእክቱን በ46 ሰከንድ ፈታው። ኮሎሰስ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት፣ ግን እሱም ፈታው።

ሴል በ2011 በ80 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጆርጅን ለ45 ዓመት ከቆየበት ጋራዥ አውጥቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ አዲስ ባትሪ አስገብቶለት ነበር። ሮቦቱ ተራመደ።

ይሄን ለልጁ ስነግረው ቀና ሳይል ባትሪው ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቀኝ። ሊትየም ነው አልኩት።