ካሮል ላንዲስ በጦር ሰፈር

በወታደሮች ድንኳን ውስጥ ተለጥፎ ይታይ ከነበረው የመጽሔት ፎቶግራፍ መካከል የካሮል ላንዲስም ነበረበት። ይህች እ.ኤ.አ. በ1919 ዓ.ም. በዊስኮንሲን የተወለደች የፊልም ተዋናይት በመልኳ ብቻ መታወሷ ግን ተገቢ አይመስለንም። በ1942 መገባደጃ ከኬይ ፍራንሲስ፣ ከማርታ ሬይና ከሚትዚ ሜይፌር ጋር ወደ እንግሊዝ፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻግራ ለወታደሮች ዘፈነች፤ የጉዞውንም ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች። በ1944 ከጃክ ቤኒ ጋር ወደ ደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች በዘመተች ጊዜ ወባ ክፉኛ ጣላት፤ ጤናዋም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የቆሰለ ወታደር ጡረታ ይቆረጥለታል፤ በዘመቻ ለታመመች ዘፋኝ ግን የታሰበ ነገር አልነበረም። ሆሊውድም ቢሆን ከጦርነቱ በኋላ እምብዛም አልፈለጋትም። ጁላይ 5 ቀን 1948 ዓ.ም. በ29 ዓመቷ በቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ መርማሪዎችም ራሷን እንዳጠፋች ወሰኑ።