የኪነርዱ ባላባት በግሽ ዓባይ
ስኮትላንዳዊው ባላባት ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1730 ኪነርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። በ1754 ያገባት አድሪያና ዓመት ሳይሞላት ፓሪስ ላይ አረፈች፤ እርሱም ሐዘኑን ይዞ አገር ለአገር ዞረ።

በ1770 ጎንደር ገብቶ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት የፈንጣጣ ሕሙማንን አከመ፤ በዚያው ዓመት ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን አየ። የምንጩ ቀዳሚ ተመልካች እኔ ነኝ ማለቱ ግን አያስመሰግነውም፤ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበታል፤ የአገሬው ሰውማ ከጥንት ጀምሮ ያከብረዋል።

በ1774 ሎንዶን ሲመለስ ያየውን ቢናገር ብዙዎች ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ተቀይሞ ርስቱ ላይ ከተተ፤ ሜሪ ደንዳስን አግብቶ ልጆች ወለደ። በ1785 እርሷም ስትሞትበት ሐዘኑን በጽሕፈት አስታገሠ፤ የጉዞ ታሪኩ በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ከኢትዮጵያ የወሰደው አንድ የመጽሐፈ ሄኖክ የግእዝ ቅጂ በኦክስፎርድ ይገኛል።