እንዶድና ቀንድ አውጣ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ሥራ

እንዶድን የማያውቅ አርሶ አደር አይገኝም። በአጥር ጥግና በወንዝ ዳርቻ ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ፣ ሳሙና ወደ ገጠር ከመዝለቁ በፊት፣ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ነው። ይህ ተክል በዓለም የሳይንስ መድረክ እንዲታወቅ ያደረጉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሥራቸው የጀመረው ሁለት ነገሮች አብረው ሲለዋወጡ በማስተዋል ነው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። በ1964 ዕድሜያቸው ሠላሳ ሳይሞላ ወደ ዓድዋ ያመሩት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ነበር።

ቢልሃርዚያ ከውኃ ጋር የተቆራኘ በሽታ ነው። በሽተኛው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ይወጣና ውኃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ያልፋል። አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። በመስኖ የሚሠራ ገበሬ፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ወንዝ የሚዋኝ ልጅ ሁሉም ለዚህ በሽታ የተጋለጡ ናቸው። በጣና ዙሪያም ሆነ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ቦዮች ይኸው በሽታ ታይቷል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ ወንዞች ቀንድ አውጣ እየለቀሙ ሳለ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ይታያል። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ተለዋዋጭ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው እንዶድ መኖር አለመኖሩ፣ ሁለተኛው የሞተው ቀንድ አውጣ ብዛት። አንዱ ሲኖር ሌላው ይበዛል። በስታትስቲክስ ትምህርት መግቢያ ላይ ተማሪዎች ዝምድና የሚሉት ይህንን ነው።

ይሁን እንጂ አብሮ መታየት ብቻውን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አያሰኝም። ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ሰው የሚረግጠውና ጭቃው የሚታወክ ነው፤ የልብስ እድፍም ይለቀቅበታል። ከላይ የሞተውን ቀንድ አውጣ ወራጁ ውኃ አምጥቶ አከማችቶት ሊሆንም ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ገዳይ ቢሆንና እንዶዱ በአጋጣሚ በቦታው ቢገኝ፣ ወንዝ ዳር የሚታየው ሥዕል ያው ነበር።

ወጣቱ ተመራማሪ ጥርጣሬውን ለመለየት የወሰዱት እርምጃ ቀላል ነው። ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ወዳለበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቁ። በዕቃው ውስጥ የሚረግጥ እግር የለም፤ ወራጅ ውኃም የለም። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ቀጥሎ ያለው ሥራ በቤተ ሙከራ የሚከናወን ነው፤ አንዱ ዕቃ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይይዝና ማነፃፀሪያ ይሆናል፤ በሌሎቹ የእንዶዱ መጠን ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ከአንድ ቀን በኋላ የሞተው ይቆጠራል። የመድኃኒቱ መጠን በአግድም፣ የሞተው ብዛት ወደ ላይ ሆኖ በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሲሰፍር ዝምድናው ለዓይን ይታያል። እንዲህ ያለው ዝምድና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። መጠኑ ሲያንስ ለውጥ አይታይም፤ ከዚያ በፍጥነት ያሻቅባል፤ ሁሉም ከሞተ በኋላ የሚጨመረው ብክነት ነው። ማዳበሪያ የሚያውቅ ገበሬ ይህን አይስተውም፤ ምርቱ እስከ ልኩ ይጨምራል፣ ከልኩ በላይ የተበተነው ኪስን ይጎዳል።

በነገራችን ላይ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚዘጋጁ ሪፖርቶች ላይ የማዳበሪያ ስርጭትና የምርት ዕድገት ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ ብዙ ማዳበሪያ የወሰደው ቀበሌ ብዙ አመረተ ይባላል። ያ ቀበሌ ጥቁር አፈር ያለው ከሆነና ዝናቡም በጊዜው የጣለለት ከሆነ፣ ሠንጠረዡ ብቻውን ምርቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። በዚያው ቀበሌ፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ ማዳበሪያ የተደረገበትና ያልተደረገበት መደብ ጎን ለጎን ቢታይ ግን መልሱ ይቀርባል። የዓድዋው ዕቃ የሠራው ሥራ ይኸው ነው።

ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው በዳይሬክተርነት መሩ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ የዚህ ዘመን ትልቁ ሥራ ነው። የተፈጨ እንዶድ ቀንድ አውጣ ባለባቸው ውኃዎች ውስጥ ይጨመር ነበር። በአጠቃላይ ሕዝቡ ዘንድ ከመቶ ከ60 በላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑ ሕጻናት ላይ ግን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው።

የሕጻናቱ ቁጥር ከአጠቃላዩ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ ወንዙ ከጸዳ በኋላም ቀድሞ የተያዘው ጎልማሳ ሲመረመር በሽተኛ ሆኖ ይቆጠራል። በሙከራው መጨረሻ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን የተወለደው እንዶዱ በወንዙ ውስጥ መጨመር ከጀመረ ወዲህ ነው፤ የያዘው በሽታ ቢኖር የያዘው በእነዚያው ዓመታት ነው። ውጤትን ለመለካት ማንን መቁጠር እንዳለበት መምረጥ ግማሹ ሥራ መሆኑን ይህ ያሳያል። እርግጥ በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላም ነገር ሊለወጥ ይችላል፤ የዓድዋው ቁጥር ክብደት ያገኘው ከቤተ ሙከራው ውጤት ጋር ስለገጠመ ነው።

በውጭ አገር የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለዩት፤ በአክሊሉ ለማ ስምም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ነገሩ ሁሉ በዚህ የተሳካ ይመስላል፤ አልሆነም። በዘመኑ ለቀንድ አውጣ መግደያ የሚታወቀው ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ዋጋው ለድኃ አገር የማይቀመስ ነበር። እንዶድን በሥራ ላይ ለማዋል ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የተደረገ የደኅንነት ፍተሻ ጠየቁ፤ ለፍተሻው የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ አልተገኘም። ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ የተሠራ ምርምር በሙሉ ዓይን እንደማይታይ ደጋግመው ተከራክረዋል። ወንዝ ውስጥ የሚጨመርን ነገር መፈተሽ ተገቢ ነው፤ ሃያ ዓመት ማስጠበቁ ግን ተገቢ አልነበረም። በካናዳ የምርምር ድጋፍ ጭምር የተካሄደው ፍተሻ የተጠናቀቀው በ1990 አካባቢ ነው። እንዶድ ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል፤ ሆኖም በአጥቢ እንስሳት ላይ የሚያሰጋ መርዝነት አልታየበትም። ዓሣን ግን ይገድላል፤ ስለዚህ ዓሣ በሚረባበት ውኃ እንዲሁ የሚደፋ አይደለም።

የእርሻውን ሥራ የያዙት የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ናቸው። ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶች ተሰብስበው ፍሬያቸውና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይላቸው ተነጻጸረ፤ ከእነዚህ መካከል ቁጥር 44 የተባለው ተመርጦ እስከ ዚምባብዌ ድረስ ተተክሏል። እንዶድ ወንድና ሴት ተክል ስላለው ከዘር የበቀለ ሁሉ ፍሬ አይሰጥም፤ ከታወቀ ሴት ተክል ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል። ኃይሉ የሚበረታውም ፍሬው ሳይበስል፣ አረንጓዴ ሳለ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ቆየት ብለው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ልዩ ተቋማት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ጋር አማራጭ ኖቤል ተብሎ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ ባለ ቅርፊት ፍጥረት ላይም እንዶድ እንደሚሠራ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ ታየ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ግኝት የባለቤትነት መብት ማውጣቱ ግን ለዘመናት እንዶድን ሲጠቀሙ የኖሩት ኢትዮጵያውያን ድርሻ ምንድን ነው የሚል ክርክር አስነሳ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። ዛሬ በአገራችን ቢልሃርዚያን ለመከላከል በዋናነት የሚሠራው በየትምህርት ቤቱ ፕራዚኳንቴል በማደል ነው። ክኒኑ በሰውየው አካል ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ቀንድ አውጣው ያለበት ወንዝ ውስጥ ተመልሶ የገባ ልጅ ግን እንደገና ሊያዝ ይችላል።