ሎተ ራይኒገርና መቀሷ

ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሔት ስለ አንድ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ብዙዎቻችሁ ከመምህሮቻችን አንዱን የምመርጥ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥኩት በዓይኔ አይቻት የማላውቀውን፣ ከመወለዴ በፊት ጀርመን አገር ያረፈችውን ሎተ ራይኒገርን ነው።

ምክንያት አለኝ። የኛ ባች ልጆች ታስታውሱ እንደሆነ የመመረቂያ ሥራዬ አኒሜሽን ነበር። ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮምፒውተሩ ተበላሸና የአራት ወር ልፋቴን ይዞ ሄደ። ኮፒ አላስቀመጥኩም። ያኔ እኮ ፍላሽ እንኳ የምንጠቀመው እየተዋስን ነበር። ዓመቱን ልደግም ቆርጬ ሳለ አንድ መምህር ቢሮው ጠራኝና ዲቪዲ ሰጥቶ፣ አይቼው እንድመለስ ነገረኝ። ዲቪዲው ላይ የነበረው የሎተ ፊልም ነው።

ሎተ እ.ኤ.አ. በ1899 በርሊን ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥቁር ወረቀት እየቆረጠች ቤት ውስጥ የጥላ ቲያትር ታሳይ ነበር። የቲያትር ትምህርት ቤት ስትገባም መቀሷን አልተወችም፤ ከመድረክ ጀርባ ቁጭ ብላ የተዋንያኑን ቅርጽ በወረቀት ታወጣለች። ይህን ያየው ታዋቂው ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ፓውል ቬገነር ወደ ሥራው አስገባት። በ1918 ስለ አይጦችና ስለ ዋሽንት ነፊው የሚያወራውን የሃመልን ተረት ፊልም ሲሠራ፣ እውነተኞቹ አይጦች አልታዘዝ ስላሉ ከእንጨት የተሠሩ አይጦች ተተኩ። እነሱን ትንሽ በትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ ካነሱት አንዷ ሎተ ነበረች። በዓመቱ የራሷን የመጀመሪያ አጭር ፊልም ሠራች፤ በ1921 ደግሞ የሥራ ባልደረባዋን ካርል ኮክን አገባች። ካሜራውን እሱ ይይዛል፣ መቀሱን እሷ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። የሰውየውን ራስ፣ ክንድ፣ መዳፍ፣ ጭንና እግር ከጥቁር ካርቶን ለየብቻ ትቆርጣለች። ክርኑ፣ ጉልበቱና አንገቱ ላይ በቀጭን ሽቦ ታያይዛቸዋለች። ከዚያ ከሥሩ መብራት በሚበራበት መስታወት ላይ ታስተኛዋለች። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ያያል። ክንዱን በጣም ጥቂት ታንቀሳቅስና አንድ ፎቶ፣ እንደገና ጥቂት ታንቀሳቅስና አንድ ፎቶ። ስትቆርጥም የምታዞረው ወረቀቱን እንጂ መቀሱን አልነበረም።

በ1923 የጀርመን ገንዘብ በየሰዓቱ ዋጋ እያጣ ነበር። ሉዊስ ሃገን የሚባል የባንክ ሰው ገንዘቡን ጥሬ ፊልም ገዝቶበት ስለነበር፣ በዚያ ፊልም አንድ ረጅም ሥራ እንድትሠራበት ሎተን ጠየቃት። ፖትስዳም በሚገኘው ቤቱ፣ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ባለው ክፍል ሦስት ዓመት ሠሩ። ዋልተር ሩትማንና በርቶልድ ባርቶሽም አብረዋት ነበሩ። መስታወቶቹን በተለያየ ከፍታ እየደረደሩ ለሥዕሉ ጥልቀት ሰጡት። ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳው የልዑል አህመድ ጀብዱዎች በ1926 በርሊን ላይ ታየ። ዲዝኒ በረዶ ነጭን ያወጣው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት ረጅም የአኒሜሽን ፊልሞች በዕድሜ የሎተን የሚቀድም የለም።

አንድ ነገር አልደብቅም። በፊልሙ ውስጥ ክፉው ጠንቋይ አፍሪካዊ ነው። ያኔም ከንክኖኛል፣ ዛሬም ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ዘመኑን አብረን እንነጋገርበትና ከዚያ ጠንቋዩ መልኩን ሲለዋውጥ የሚንቀሳቀስበትን መንገድ እናጠናለን።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ሎተና ካርል ከአገር ወጡ፤ ግን በቋሚነት የሚያስቀምጣቸው አገር አላገኙም። ቪዛቸው ሲያልቅ ወደ ሌላ አገር፣ እዚያም ሲያልቅ ወደ ሌላ። ስደትን የቀመሰ ይህን ያውቀዋል። በዚህ መሃል እንኳ በ1935 ፓፓጌኖን ሠርታለች። በጦርነቱ ማብቂያ የታመመች እናቷን ልታስታምም በርሊን ተመለሰች። የልዑል አህመድ ዋናው ኔጋቲቭ ጠፋ፤ ዛሬ የምናየው እንግሊዝ አገር ከተረፈ ኮፒ የታደሰውን ነው።

በ1949 ለንደን ገብታ ለቴሌቪዥን አጫጭር ተረቶችን እንደገና መቁረጥ ጀመረች። ከነሱም አንዱ በ1955 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። ካርል በ1963 ሲሞት መቀሷን ለዓመታት አስቀመጠች ማለት ይቻላል። አገሯ ጀርመን በ1972 ስትሸልማት ግን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላም ፊልም ሠርታለች። በ1981 በ82 ዓመቷ አረፈች።

ወደ እኔ ልመለስ። ዲቪዲውን አይቼ የተሰበረ መስኮት መስታወት ዶርም ውስጥ ሁለት ወንበር ላይ ጋደም አደረግኩ። ከሥሩ የጥናት መብራት፣ ከላይ የተዋስኩት ካሜራ። መብራት ሲጠፋ የዶርሜ ልጆች በባትሪ አበሩልኝ። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት በሦስት ሳምንት ሠራሁ፤ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ውጤቴ ትልቅ አልነበረም፣ ግን ተመረቅኩ። ሸክም የያዘ ሰው ጉልበቱን ከማጠፉ በፊት ወገቡን እንደሚያዘነብል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ የማስተምረው በኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙም ቢሆን የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ክንዱን ለብቻ፣ መዳፉን ለብቻ፣ መገጣጠሚያው የቱ ጋ ነው? ተማሪዎቼ ፕሮግራሙን ከእኔ በፍጥነት ይለምዱታል። ክርን የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ግን ብዙዎቹ አላዩም፤ ቆርጠው አያውቁማ።

ለዚህ ነው ለትምህርት ክፍሉ መምህራን አንድ ልመና ያለኝ። አዲሱ የኮምፒውተር ክፍል ሲደራጅ ከሚደሰቱት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። አንዷን ጥግ ብቻ ተዉልን። መስታወቱንና መብራቱን የኛ ባች ይችላል፣ ተነጋግረናል። በበዓሉ ዕለት ጠረጴዛው ካፌው አጠገብ ይቆማል፤ ጥቁር ካርቶንና መቀስም ይኖራል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።