ፕሮፌሰር ዣን ግራቨንና ከቅጣት በኋላ ያለው ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሳሪስን ያለፈ መንገደኛ ቃሊቲ ይደርሳል። ቃሊቲ የጉምሩክ፣ የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። ነገር ግን በከተማው ሕዝብ አንደበት ስሙ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ከእስር ጋር ተጣብቆ ይኖራል። በመሀል ከተማ የነበረው ከርቸሌ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከቆመ ወዲህ፣ አንድ ሰው ቃሊቲ ወረደ ከተባለ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ አላስፈለገም። እናቶችና ሚስቶች ስንቅ ቋጥረው የተመላለሱበትን ያን በር የማያውቅ የሕግ ባለሙያ በመካከላችን አይገኝም።

በዚያ በር ስለ መግባት ብዙ እናውቃለን፤ ሙያችንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው እዚያው ላይ ነው። ስለ መውጣት ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ቅጣቱን የፈጸመው ሰው ልብሱን በፌስታል፣ የመፈቻ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ይወጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራ ሲጠይቅ ዋስ አምጣ፣ አሻራም ሰጥተህ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ከፖሊስ አቅርብ ይባላል። ያን ጊዜ ፍርዱ እንዳላለቀ ይገባዋል። በአገራችን የወንጀል ሕግ ውስጥ ይህን ሁለተኛ ፍርድ አስቀድሞ የታሰበበትና መድኃኒትም የተጻፈለት ሆኖ እናገኘዋለን። ረቂቁን ያዘጋጁት ሰው የዛሬው ጽሑፋችን ባለ ታሪክ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው።

ግራቨን እ.ኤ.አ. በ1899 የተወለዱ የስዊስ ሰው ነበሩ። በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ሕግ መምህር፣ በዚያው ከተማ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤትም ዳኛ ሆነው ስለ ሠሩ፣ ሕግን ከመጽሐፍም ከችሎትም ያወቁ ሰው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ከጊዜ በኋላ የዓለም አቀፉ የወንጀል ሕግ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለመሆንም በቅተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐሳባቸውን ይዞት የነበረው ትልቁ ጉዳይ በሰብአዊ ፍጡር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነበር። በዚህ ርእስ እ.ኤ.አ. በ1950 በሄግ የዓለም አቀፍ ሕግ አካዳሚ ያቀረቡት ትምህርት ታትሞ ይገኛል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሕጎቹን በአዲስ መልክ ለማዘጋጀት ሲነሣ የፍትሐ ብሔሩ ረቂቅ ለሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀሉ ለግራቨን ተሰጠ። ከዚያ በፊት አገሪቱ የምትመራው በ1923 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር፤ ከእርሱም በስተጀርባ የጥንቱ ፍትሐ ነገሥት ቆሞ ነበር። ግራቨን ረቂቁን በፈረንሳይኛ ጻፉ። የሕግ ኮሚሲዮኑ መረመረው፣ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ፣ ምክር ቤቶቹም ተነጋገሩበት። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 158 ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። የደንብ መተላለፍን ክፍል ጨምሮ 820 ቁጥሮች ነበሩት።

ሁሉም እንደ ረቂቁ አልሆነም። ግርፋትን የሚፈቅደው ድንጋጌ በኋላ የተሰካ ነው፤ 120(ሀ) የሚለው ቁጥሩ ራሱ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይመሰክርበታል። ለወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓትም ግራቨን በአህጉራዊው አውሮፓ ልማድ አንድ ረቂቅ አዘጋጅተው ነበር። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በሰር ቻርልስ ማቲው እጅ የእንግሊዝን ፈለግ ተከትሎ ተሠራ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ዳኛ የስዊሱን ሰው ሕግ በእንግሊዛዊው ሥርዓት ሲሠራበት ኖረ። ይህ ጋብቻ ያስከተለውን ችግር ብዙዎቻችን በየችሎቱ ቀምሰነዋል።

ወንጀልን በመመደብ ረገድ ግራቨን የመረጡት መንገድ ሊጤን ይገባል። ፈረንሳዮች ጥፋትን በሦስት ስም ይከፍላሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከባድ ወንጀሎች ከኤ እስከ ኢ በፊደል ይመደባሉ፤ ከባድ የሚባለውን ወንጀል ፈጽሞ የተፈረደበት ሰው ስያሜው በብዙ ክፍለ አገር ከምርጫ፣ ከሥራና ከመኖሪያ ቤት ሳይቀር ሲያግደው ይኖራል። የእኛ ሕግ ወንጀሉን በፊደል አልሰየመም። የደንብ መተላለፍን ለብቻው ለይቶ የቀረውን በቅጣቱ ዓይነት አስታወቀ። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሆኖ፣ ጥፋቱ እጅግ ላልከበደና ለኅብረተሰቡ የሚያሰጋ ላልሆነ ሰው ተወሰነ። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ ዕድሜ ልክ ሆኖ፣ እጅግ ለከበደ ጥፋትና በተለይ አደገኛ ለሆነ አጥፊ ተመደበ። ከእነዚህ በላይ የሞት ቅጣት አለ። እንግዲህ መለኪያው ድርጊቱ ብቻ አልነበረም፤ የሰውየውም ጠባይ አብሮ ይመዘናል። ዳኛው የሚመለከተው ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ሰው ነው ማለት ነው። ይህ ሥራ ከባድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ተሸሽቷል ብንል ሐሰት አይሆንም።

በዚህ መለያየት ላይ የተመሠረተ ሌላም ነገር ነበረ። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ሰው ጠባዩ ከታረመ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ከተለቀቀ በኋላ ግን መዝገቡ ይከተለዋል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ የሚያጠፋውን ደጋጋሚ ለመለየት ፍርድ ቤት ያለፈውን ማወቅ አለበት። በቁጥር 122 የተመለከተው ከመብት መሻርም አለ፤ ሰውየው እንዳይመርጥ፣ እንዳይመረጥ፣ ምስክርና ሞግዚት እንዳይሆን፣ ሙያውን እንዳይሠራ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለዘወትር ሊከለከል ይችላል። የግራቨን ጥያቄ እንግዲህ ይህ ሁሉ መቼ ያበቃል የሚል ነበር።

መልሱ ከቁጥር 242 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። የአማርኛው ሕግ መሰየም ይለዋል። ተርጓሚው ይህን ቃል ሲመርጥ ምን እንዳሰበ ባናውቅም ምርጫው ያማረ ነው፤ ወንጀለኛ ተብሎ ሲጠራ የኖረው ሰው እንደገና በስሙ ይጠራል። ጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ 5 ዓመት፣ ቀላል እስራት የተቀጣም 2 ዓመት ካለፈው፣ በዚህም ጊዜ ጠባዩ ነቀፋ ካልተገኘበት፣ ለተበደለው ሰው የተፈረደውን ካሣ በአቅሙ ልክ ከከፈለ፣ የፈረደበትን ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄውን ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው የተሻረው መብት ይመለሳል፣ ቅጣቱ ከመዝገብ ይፋቃል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

እስከዚህ ድረስ ያለው በሌሎች አገሮችም ሕግ ይገኛል። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ቀጥሎ ያለው ነው። ከተሰየመ በኋላ ያንን የድሮ ፍርድ እያነሣ ሰውየውን የሚነቅፍ ሁሉ በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ የተናገርሁት እውነት ነው ብሎ መከላከልም አይፈቀድለትም። ሕግ ዘወትር እውነትን ሲፈልግ የሚኖር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ስለ አንድ ሰው ኑሮ ሲል እውነትን ራሱን ዝም ያሰኘዋል። ስምና ዝና ከሀብት በላይ በሚቆጠርበት፣ የሌባ ልጅ እየተባለ እስከ ልጅ ልጅ በሚወረስበት አገር፣ ከ820ዎቹ ቁጥሮች ይህን ያህል ወደ ማጀታችን የገባ ሌላ ድንጋጌ ያለ አይመስለንም።

ግራቨን ስለ ሕጉ አመጣጥና መንፈስ እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። ልጃቸው ፊሊፕ ግራቨን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ መግቢያም የብዙ ተማሪዎች መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። አባት የጻፈውን ልጅ ያብራራበት እንዲህ ያለ ነገር በሕጎቻችን ታሪክ ብርቅ ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. ደረሰ። በኅዳር ወር ደርግ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞ ሹማምንትና የጦር መኮንኖች በከርቸሌ ያለ ፍርድ ተገደሉ። የ1949ኙ ሕግ አልተሻረም፤ ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ በየፍርድ ቤቱ ይጠቀስ ነበር። በትልልቁ ጉዳይ ግን መጽሐፉ ከመደርደሪያው አልወረደም። ግራቨን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያርፉ ሁኔታው ይኸው ነበር።

ከሞታቸው በኋላ የሆነው ደግሞ ከሕይወታቸው የማይተናነስ ነው። በሄግ ስለ ሰብአዊ ፍጡር ያስተማሩት መምህር በረቂቃቸው ቁጥር 281ን አስገብተው ነበር። ይህ ቁጥር ዘር ማጥፋትን ሲቀጣ ከ1948ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቃል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ባለሥልጣኖቹ የተከሰሱት በዚሁ ቁጥር ነው። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ናቸው አለ። ከዳኞቹ አንዱ የፖለቲካ ቡድንን በሚመለከት በሐሳብ ተለየ። በጥር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አደረገው።

በቃሊቲ የነበሩት ፍርደኞች ሞታቸውን ሲጠብቁ ቆዩ። የሃይማኖት አባቶች ስለ እነርሱ ለመኑ። በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ከተያዙም 20 ዓመት ሞልቷቸው ነበርና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በአመክሮ ተለቀቁ። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ይህን ሲሰሙ የተሰማቸውን ምሬት ለመፍረድ የሚደፍር የለም፤ እኛም አንደፍርም። ሆኖም የፈረደባቸው ቁጥር 281ም፣ 20 ዓመት ለፈጸመ የዕድሜ ልክ እስረኛ በር የከፈተው ደንብም በአንድ ሰው እጅ የተረቀቁ ነበሩ። ሰዎቹ ለሌሎች የነፈጉት ሕግ ለእነርሱ አልተነፈጋቸውም።

የ1949ኙ ሕግ 47 ዓመት ያህል ሠርቶ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ለአዲሱ የወንጀል ሕግ ቦታውን ለቀቀ። ግርፋት ቀረ። መሰየም ግን ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ከነሙሉ ውጤቱ ተሸጋግሯል። በሙያችን ውስጥ ሆነን እንደምንታዘበው የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ፍርደኛው ስለ መብቱ የሚሰማው የለውም፤ ጠበቃውም ፋይሉን ከዘጋ ቆይቷል። ማመልከቻው ረጅም አይደለም። ፍርድ የሰጠው ችሎት መዝገብ ቁጥር፣ ቅጣቱ ያለቀበት ቀን፣ ካሣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ስለ ጠባዩም ማስረጃ ከተያያዘበት ይበቃል። ውድቅ ቢሆን እንኳ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሊቀርብ ይችላል።